አንበሳውን ተወውና አጎበርህን አሳየኝ

«ቆላ ወርጄ ደግሞ በብርድ ልሙት?» አለኝ አንዱ ከዳባት በኩል የመጣ ጎረምሳ፣ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ። ሳንጃ ላይ ነን። ከዚህ ወደ አብርሃጅራና አብደራፊ የሚወስደው መንገድ የሰሊጥ መንገድ ነው፤ አረም ሲደርስና አጨዳ ሲደርስ ደጋው እየተጠራራ የሚወርድበት።

ቆላውስ እሺ፤ ቆላ እስክትደርስ ግን የት ልታድር ነው? ዳባትና ደባርቅ ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው፣ መተማ ዮሐንስ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች። በየአንድ ሺህ ሜትሩ አየሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይለዋወጣል። በእግርህ ስትወርድ የመጀመሪያዋ ሌሊት የምታገኝህ ገና አፋፉ ላይ ሳለህ ነው። ለመተማ ፀሐይ የለበስከው ሸሚዝ ለዚያች ሌሊት አልተሰፋም።

«ጋቢ ይዣለሁ።»

ደረቅ ከሆነ እሰየው። ጋቢ ጥጥ ነው። የሚያሞቅህ በድርና ማጉ መካከል የታቆረው አየር ነው፤ ጥጡ ውኃ ሲጠጣ ያ አየር ይጠፋል። ሐምሌ ላይ ዝናብ የመታው ጋቢ ሌሊቱን ሙሉ የሚደርቀው ከአንተ ገላ በሚወስደው ሙቀት ነው። ስለዚህ የሌሊት ጋቢህን በላስቲክ ጠቅልለህ ያዝ፤ ቀን ዝናብ የሚመታው ሌላ ልብስ ይሁን። ስትተኛም ላብ ያራሰውን ሸሚዝ አውልቅና ደረቁን ልበስ። አንድ ትርፍ ሸሚዝና አንድ ጥንድ ካልሲ አንድ ፌስታል አይሞሉም፤ «ከበደኝ» እንዳትለኝ።

«አባቶቻችን በባዶ እግራቸው አገር ያቋርጡ የለም?»

ያቋርጡ ነበር፤ ሳይዘጋጁ ግን አልወጡም። የቆሎ ተማሪውን ተመልከተው። ቅኔ ፍለጋ ጎጃም ዋሸራ፣ አቋቋም ፍለጋ ጎንደር ሲል ዕድሜውን በእግሩ የጨረሰ፣ ከአገራችን መንገደኞች ሁሉ መንገድ የጠገበው እሱ ነው። ትከሻው ላይ ያለው ደበሎ የበግ ለምድ ነው። ጸጉሩ ቢረጥብም እንደ ጥጥ ሙቀቱን በአንዴ አይጥልም። ቀን ይለብሰዋል፣ ሌሊት ያነጥፈዋል። አኩፋዳው ለምግብ፣ ዱላው ለውሻ፣ ቆሎው ለመንገድ። ድሃ ነበር፤ የመንገድ ዕቃው ግን አልጎደለም። ደበሎን የድህነት ልብስ ነው የሚል ሰው አፋፍ ላይ አድሮ አያውቅም።

«ብርድ ከመጣ አንድ መለኪያ አረቄ ይበቃኛል።»

አረቄው ቆዳህ ሥር ያሉትን ደም ሥሮች ይከፍትልሃል፤ ደሙ ወደ ቆዳህ ሲወጣ «ሞቀኝ» ትላለህ። የተሰማህ ሙቀት ከሆድህ ወጥቶ ወደ ነፋሱ የሚሄደው ነው። ትንሽ ቆይተህ ካልጠጣው ጓደኛህ ይልቅ የምትቀዘቅዘው አንተ ነህ። በሶህን በጥብጥ፣ ቆሎህን ቆርጥም፤ ገላ የሚነድደው በእህል ነው። ደጋው ላይ ስታድር ከሥርህ ስንዝር ያህል ደረቅ ሣር ጎዝጉዝ። ማዳበሪያ ብቻውን ፍራሽ አይሆንም፤ ከላይ ከሚነፍሰው ይልቅ ከሥር መሬቷ የምትወስድብህ ሙቀት ይብሳል።

«ከሰል አቀጣጥለን በሩን እንዘጋለና!»

እሱን በሕልምህም አትሞክረው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም፣ አያስለቅስም። ጠዋት የሚያነቃችሁ ታጣላችሁ።

ይህን ስናወራ አንዲት እናት ልጃቸውን ሊሸኙ መጥተው ኖሮ ጣልቃ ገቡ። «አንበሳ እንዳይበላብኝ ብቻ ጸልዩልኝ!»

እንጸልያለን፣ እማማ። አንበሳውም አልጠፋም። ቋራ ውስጥ አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት ተመራማሪዎች ከቦርን ፍሪ ድርጅት ጋር ሆነው እዚያ አንበሳ መኖሩን በካሜራ አረጋገጡና ዜናው ዓለምን አዳረሰ። «ያልታወቁ አንበሶች ተገኙ» ተባለ። ለማን ነው ያልታወቁት? ቋራ ላይ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ድምፃቸውን ከአባቱ ጋር ሆኖ ሰምቷል። ቢሆንም ጥናቱ ቁጥር ሰጠን፤ አላጥሽ ውስጥ ከ27 እስከ 54 የሚሆኑ አንበሶች ይኖራሉ ብሎ ገመተ። ለዚያ ሁሉ ጫካ ይህ ጥቂት ነው፤ እነሱም ሰው ከበዛበት ማሳ ይርቃሉ። ልጅዎ የሚሄደው ማሳ ነው፣ እማማ። ማሳው ላይ የሚጠብቀው ሌላ ነው።

«ጅብስ?»

ጅብ ይመጣል። የሚመጣውም ብቻውን መንገድ ዳር የወደቀውን፣ ጠጥቶ የተኛውን፣ አጥንትና ትራፊ ምግብ ራስጌው ጥሎ ያንቀላፋውን ሰው ብሎ ነው። ጅብ የተኛ ሰው ሲነክስ ፊት ላይ እንደሚነክስ አገሩ ያውቃል። ስለዚህ ተጠጋግታችሁ እደሩ፣ በተራ ጠብቁ፣ የበላችሁበትን አርቃችሁ ቅበሩ። ፊት ለፊት ከገጠማችሁ አትሩጡ፤ ባትሪውን ዓይኑ ላይ አብሩ፣ ጩኹ፣ ቁሙ። እሳት ካነደዳችሁ ደግሞ ዙሪያውን መንጥራችሁ ይሁን፤ ከጥቅምት በኋላ የቋራ ሣር አንዲት ፍም ይበቃዋል።

ውሻንም አትርሱ፤ ውሻ የነከሰው ሰው «ጭረት ናት» ብሎ አይለፋት። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ሩብ ሰዓት ይጠበውና በዚያው ቀን ለክትባት ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ጎረምሳው አላስጨረሰኝም። «እባብ ካየሁ በዱላዬ አናቱን ነው የምለው!»

የሚነድፍህ ያላየኸው ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ተሰብስቦ፣ እርስ በርሱ ተደግፎ ሒላ ሆኖ ሲቆም አይተሃል? ሥሩ ጥላ ነው፤ የረገፈው ፍሬ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ እፉኝት ይጠራል። እፉኝቷ ከአንድ ክንድ ብዙም አትረዝም፤ መልኳ ከደረቀ ቅጠልና ከአፈር አይለይም። ፀሐይ ሳትበረታ እንጨርስ ተብሎ በጎህ ይወጣል፤ ነዶው ሥር እጅህን ትሰዳለህ፣ ታቅፈህ ታነሳለህ፤ ጣትህ ላይ እሾህ የወጋህ ይመስልሃል። ዱላህ የት ነበር? ሒላው ላይ ተደግፎ። ዱላህ ከእጅህ ይቅደም፤ ነዶውን ነቅነቅ አድርገህ፣ ትንሽ ቆይተህ አንሳ። ሌሊት ለሽንት ስትወጣም ሸበጥ አጥልቀህ በጨለማ አትሂድ። ባትሪ አብራ፣ የተሸፈነ ጫማ አድርግ፤ ጫማውን ከማጥለቅህ በፊትም አራግፈው።

«ቢነድፈኝስ ጥቁር ድንጋይ አለን፤ መርዙን ይመጥጣል።»

አይመጥጥም። ድንጋዩ የሚጠጣው ከቁስሉ የፈሰሰውን ደም ነው፤ መርዙ ቀድሞ ሥጋህ ውስጥ ገብቷል። በድንጋዩ የምታጠፋው ጊዜ ደግሞ የአንተ ነው።

«ምላጭ አድርገን ደሙን እናፈሰዋለን።»

የእፉኝት መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። በምላጭ የከፈትከውን ማን ይዘጋልሃል? ድዱ የሚደማ፣ ሽንቱ የሚቀላ ሰው ላይ ሌላ ቀዳዳ ትጨምራለህ?

«በገመድ ጥፍር አድርገን እናስረዋለን።»

መርዙ ካልገደለው እግሩን ገመዱ ይገድለዋል። ይልቅ ቀለበቱንና ሰዓቱን ቶሎ አውልቅለት፤ እጁ ሲያብጥ ያንቁታል። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሁለት እንጨት መሀል አድርገህ በነጠላ ጠቅልለው፤ እንዳይነቃነቅ። እንዲራመድ አትፍቀድለት። ተሸከመው፣ ሞተር ሳይክል ፈልግ፣ ትራክተር አስቁም። መድኃኒቱ በየጤና ኬላው እንደማይገኝ፣ ሲገኝም ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሥራ ከመጀመርህ በፊት «የእባብ መድኃኒት ያለው ሕክምና ቤት የትኛው ነው?» ብለህ የምትጠይቀው ለዚህ ነው። አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት በእባብ የተነደፈና በካላዛር (እመጣበታለሁ) የታመመ ሠራተኛ ሲያክሙ ኖረዋል፤ ብዙ ሳሉግ፣ ማለትም የእርሻ የቀን ሠራተኛ፣ ግን ክሊኒኩ መኖሩን የሚሰማው ጓደኛው ከሞተ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል፤ ችላ ከተባሉት በሽታዎች ተርታ ያስገባው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ችላ የተባለው እባቡ አይደለም፤ የሚነደፈው ገበሬና የቀን ሠራተኛ ነው።

«እሺ፣ በቃ ግራር ሥር እተኛለሁ። ጥላ አለ፣ መሬቱ ደልዳላ ነው፣ ትንኝም አልሰማሁ። አጎበር ምን ያደርግልኛል?»

ቁም! ሌላውን ሁሉ እርሳው፣ ይህን ግን ያዝልኝ። ትንኝ አልሰማሁም ያልከው አልተሳሳትክም፤ እሷ ድምፅ የላትም። የአሸዋ ዝንብ ይሏታል። የወባ ትንኝን ሲሶ ብታክል ነው። ብዙ መብረር አትችልም፤ ብድግ ቁጭ እያለች ነው የምትሄደው። ዋልካው ሲደርቅ መሬቱ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ቀን እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ትውላለች፣ ሲመሽ ትወጣለች። የምትወደው ዋልካ አፈርና ግራር ነው፤ አንተ ለእረፍት የመረጥከው ቦታ የእሷ ቤት ነው። ሸሚዝህን አውልቀህ ስትተኛ ጀርባህ ላይ ታርፋለች፤ የምታውቃት ጠዋት ስታክክ ነው፣ እሱም ካወቅካት።

የምታስተላልፈው ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ ካላዛር ነው። ወዲያው አይጥልህም፤ ወራት ሊቆይ ይችላል። አጭደህ፣ ገንዘብህን ይዘህ፣ ደጋ ተመልሰህ፣ ድግስ በልተህ ሳለ ትኩሳቱ ይጀምርሃል። ይተውሃል፣ ይመለሳል። ምግብ ያስጠላሃል፣ ቀበቶህ አንድ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ቀጥሎ ሌላ ቀዳዳ። ሆድህ ግን በግራ በኩል ይነፋል፤ ጣፊያህ ነው ያበጠው። ካልታከመ ከመቶ በሽተኛ ዘጠና አምስቱንና ከዚያ በላዩን ይገድላል። አንበሳ እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም።

«የቆላ በሽታ ነው፤ ደጋ ስገባ ይለቀኛል።»

ይህን እንዳትለኝ! እ.ኤ.አ. በ2005 ሊቦ ከምከም የሆነውን አገር ያውቃል። ሊቦ ከምከም ቆላ አይደለም፤ ከጣና በስተ ምሥራቅ ነው። ሰው በትኩሳት ሲያልቅ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ታመነ። በኋላ በተደረገው ጥናትም ቀን እንኳ ግራር ሥር መተኛት ለበሽታው ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ሆኖ ወጣ። እንግዲህ ያንን ጥላህን ምን ልበልህ? ቀንም አትተኛበት፤ ሲመሽ ተነስተህ ሂድ። ከግራሩና ከስንጥቁ ርቀህ፣ ከመሬት ከፍ ብለህ፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ውስጥ ግባ፤ ጫፉን ከሥርህ ሸጉጠው። አጎበሩ ወባንም ይከላከልልሃል። «ይሞቃል» ትላለህ፤ ይሞቃል። ካላዛር ግን ከዚያ ይበልጥ ያሞቃል።

ከጎን ያዳመጠን አንድ ደላላ ሳቀ። «ይኸ ሁሉ ዝግጅት ለአንድ ወር ሥራ? ቱሪስት አደረግኸው እኮ!»

ቱሪስትን ካነሳህ እንነጋገር። ስሜን ተራራ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። አገር ሰላም ሲሆን ሳንቃበር፣ ግጪና ጨነቅ ለማደር የሚመጣው ፈረንጅ ደባርቅ ላይ ይመዘገባል፤ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፣ አስጎብኚ ይቀጥራል፣ ዕቃው በበቅሎ ይጫናል። ድንኳን አለው፣ ላባ የተሞላ የመኝታ ከረጢት አለው፣ ግንባሩ ላይ የሚታሰር ባትሪ አለው። ደግ፤ ይገባዋል። ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከዚያው ተራራ ግርጌ የተነሳው ሳሉግ ግን ማጭድና ማዳበሪያ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፤ መዝጋቢ የለው፣ ስካውት የለው። ጭላዳ ሣር ስትነጭ ለማየት የመጣው ሰው ይህ ሁሉ ከተደረገለት፣ አገሩን በውጭ ምንዛሪ ለሚያኖረው ሰሊጥ አጫጅ አንድ አጎበር ስጠው ብል ምን አጠፋሁ?

«ባለሀብቱ ለዚያ ሁሉ ሠራተኛ አጎበር ከየት ያመጣል?»

ሸራውን ካመጣበት! ሰሊጡ በጆንያ ተሞልቶ ሜዳ ላይ ሲከመር ዝናብ እንዳይነካው ሸራ ይገዛለታል፤ ይጠበቅለታል፣ ጠባቂ ይቀጠርለታል። ሰሊጡን ያጨደው ሰው ግን ከሸራው ውጭ ያድራል። ገንዘብ አይደለም የጠፋው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የሚጠብቅ እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል፤ የሰሊጥ ማሳ ላይ ሲደርስ የሚቆም አዋጅ አይደለም። ዳስ፣ ቆጥ፣ አጎበር፣ ለአረምና ለአጨዳ ጓንትና ቦቲ፣ የተነደፈ ሰው የሚወስድ አንድ መኪና። እነዚህ ከዘሩና ከናፍጣው ጋር አብረው የሚገዙ የእርሻ ወጪዎች ናቸው።

«ካልፈለገ ይቅር፤ ሌላ ሰው ሞልቷል።»

የሞላው ሰውም ያው ቆዳ ነው የለበሰው። እሱም ሲታመም ሌላ ታመጣለህ፣ ያም ሲታመም ሌላ። ሰው እየቀያየርክ የምታርሰው እስከ መቼ ነው? ባለፈው ዓመት የታመመበት ሰፈር እኮ ዘንድሮ ደላላ ሲያይ በሩን ይዘጋል።

«ዛሬ ዋናው አውሬ ሰው ነው» አለኝ ደግሞ ሌላው፣ ዝም ብሎ የቆየው።

እውነትህን ነው፣ አልከራከርህም። በዚህ መንገድ ሰው እየታገተ ቤተሰቡ ገንዘብ ተጠይቋል። ለእሱ የማዝዘው ማርከሻ የለኝም። በቀን ሂድ፣ ብቻህን አትሂድ፣ ከመነሳትህ በፊት ከዚያ የመጡትን ጠይቅ፣ የት እንደደረስክ ለቤትህ ደውል። አብረውህ የሚሄዱት ጓደኞችህ ለጅቡም ለእፉኝቱም ይበጁሃል፤ የሚሸከምህ እነሱ ውስጥ ነው ያለው። ሽፍታን ፈርተህ ግን አጎበርህን ጥለህ አትሂድ። አንዱ አደጋ ሌላውን አይሽረውም።

ጎረምሳው አሁን ሸሚዙን ቆልፏል። «ስመለስ ትኩሳት ቢይዘኝ ምን ላድርግ? ወባ ነው ብዬ ኪኒን ልዋጥ?»

ተመርመር እንጂ! ወባ ከሆነ በምርመራ ይታያል፤ ቶሎ ይታከማል። ወባ አይደለም ከተባልክ ወይም ታክመህ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ለሐኪሙ የት እንደነበርክ ንገረው። «መተማ ነበርኩ፣ አርማጭሆ ነበርኩ፣ ውጭ አድሬያለሁ፣ ግራር ሥር ተኝቻለሁ» በል። የደጋ ጤና ጣቢያ ባለሙያ ካልነገርከው ካላዛርን ላያስበው ይችላል። አትፈር፤ ሠርተህ ነው የመጣኸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የማከሚያና የምርምር ማዕከል አለው።

«መርፌው ብዙ ነው ይላሉ።»

17 ቀን ነው፤ በየቀኑ።

«አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ከሥራዬ ልቀር?»

አዎ፣ ትቀራለህ። በስምንተኛው ቀን «ተሽሎኛል» ብለህ ብትወጣ ያልሞተው ተውሳክ ጣፊያህ ውስጥ እየተራባ ይቆይሃል፤ ሲያገረሽም ከመጀመሪያው ይከፋል። ስለዚህ ማጭዱን ለወንድምህ ስጠው፣ ጫማህን ለነርሷ አስረክብና ተኛ።